በሩን ማን ከፈተው?

ፊልም የሚወድ ሰው ሁሉ የሚፈራው ፊልም አለው። አንዱ መንፈስና ጭራቅ ያለበትን ይፈራል፣ ሌላው ደም የሚፈስበትን። እኔን እንቅልፍ የነሱኝ ግን ጭራቅም መንፈስም የሌለባቸው ናቸው። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ያለው አንድ ቤት፣ አንድ ቤተሰብና አንድ በር ነው። ከበሩ ውጭ ሰው ቆሟል። ሰውየው መግባት ይፈልጋል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው።

ይህን ዓይነቱን ፊልም በአማርኛ ምን ብለን እንደምንጠራው ገና አልተስማማንም። እኔና ጓደኞቼ «ቤት ሰበራ» ስለምንለው እዚህም በዚሁ ስም ልቀጥል። በየመኝታ ክፍሉ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጡ ከሚዞሩት ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች መካከል ቤት ሰበራ ጥቂት አይደለም። አንዳንዱ ሲያልቅ ማንም ብቻውን ወደ ሽንት ቤት መሄድ አይፈልግም። አንዳንዱ ደግሞ ገና ከመጋመሱ ግማሹ ተመልካች ስልኩን ይነካካል፣ ግማሹ ይስቃል። በሁለቱም ቤት አለ፣ በሁለቱም ሰባሪ አለ፣ በሁለቱም ጨለማ አለ። ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

ውድ አንባቢያን፣ ብዙ ሰው መልሱን የሚፈልገው ሰባሪው ላይ ነው። ጭምብሉ ያስፈራል ወይ? ቢላዋው ትልቅ ነው ወይ? ይላል። እኔ ግን ደግሜ ደጋግሜ ካየሁ በኋላ የደረስኩበት ሌላ ነው። የዚህ ፊልም ዕጣ የሚወሰነው በሁለት ጥያቄዎች ነው፦ በሩን ማን ከፈተው? ጩኸቱን ሰምቶ የሚደርሰውስ ማን ነው? ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የረባ መልስ ያለው ፊልም ይሳካል። የሌለው፣ የቱንም ያህል ደም ቢያፈስ ይከሽፋል። በተለይ እኛ ጎጃሜዎች ዘንድ ይከሽፋል፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ አመጣዋለሁ።

ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ፍርሃት

ቤት ሰበራ የትናንት ፈጠራ አይደለም። ሲኒማ ገና ድምፅ ሳይኖረው የነበረ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 አሜሪካዊው ዳይሬክተር ዴቪድ ዋርክ ግሪፍዝ «ዘ ሎንሊ ቪላ» (ብቸኛዋ ቪላ) የተባለ አጭር ፊልም ሠራ። ሌቦች አባወራውን በተንኮል ከቤት ያርቁታል፤ ሚስትና ልጆች በር ዘግተው ይቀራሉ፤ ባልየው ስልክ ሲደውል ጉዱን ይሰማል፤ ስልኩም ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ካሜራው አንዴ ወደ ቤቱ፣ አንዴ ወደ መንገዱ እየተመላለሰ ይደርሳል ወይስ አይደርስም እያሰኘ ልብ ይሰቅላል። በክፍል ውስጥ «ልብ ሰቀላ» እያልን የምንማረው ነገር በፊልም ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ምሳሌ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1913፣ ሎይስ ዌበር የተባለች ሴት ዳይሬክተር «ሰስፔንስ» በተባለው ፊልሟ ይህንኑ ታሪክ አሻሽላ ሠራችው። ስክሪኑን በሦስት ማዕዘን ከፍላ ሚስቲቱን፣ ባልየውንና ሰባሪውን በአንድ ጊዜ አሳየች። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነገር ነው። የቤቱ ሠራተኛ ሥራዋን ትታ ስትሄድ ቁልፉን ደጃፍ ላይ ካለው ምንጣፍ ሥር አስቀምጣ ትሄዳለች። ሰባሪው የሚገባው በዚያ ቁልፍ ነው። ይታያችሁ፣ ገና ያኔ በሩን የከፈተው ከቤቱ የወጣ ነገር ነበር!

በሩን የሚከፍተው ደግነት ነው

የኦስትሪያው ዳይሬክተር ሚሻኤል ሃኔከ እ.ኤ.አ. በ1997 የሠራው «ፈኒ ጌምስ» ካየኋቸው ሁሉ የከፋው ነው። (እሱ ራሱ በ2007 በእንግሊዝኛ እንደገና ሠርቶታል።) አንድ ቤተሰብ በሐይቅ ዳር ወዳለው ቤቱ ለዕረፍት ይመጣል። ነጭ ጓንት ያጠለቀ ትሑት ወጣት በሩ ላይ ብቅ ይልና እመቤቲቱን እንቁላል ይጠይቃታል። ከጎረቤት ነው የመጣው። ሰጠችው። ሰበረው። እንደገና ጠየቀ። በመሀል ስልኳን ውኃ ውስጥ ጣለባት፤ ይቅርታም ጠየቀ። ቀስ በቀስ ነገሩ ሌላ እየሆነ ይመጣል።

እንቁላል! አንባቢያን እስቲ አስቡት። ከመካከላችን እሳት ልጫር፣ ወንፊት አውሺኝ፣ ጨው አበድሪኝ ብሎ የመጣን የጎረቤት ልጅ ከበር የመለሰ ማን አለ? ይህ ፊልም የሚያስፈራው ሰባሪዎቹ ኃይለኞች ስለሆኑ አይመስለኝም። የገቡበት በር እኛም በየቀኑ የምንከፍተው በር ስለሆነ ነው። ሴትየዋ ያደረገችውን ማንኛችንም እናደርገው ነበር። «እኔ ብሆን አልከፍትም» ማለት በማንችልበት ጊዜ ፊልሙ ያዘን ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው «ዌይት አንቲል ዳርክ» ላይም እንዲሁ ነው። ኦድሪ ሄፕበርን የምትጫወታት ዓይነ ስውር ሴት ዘንድ የሚመጡት ሰዎች አንዱ የባሏ የቆየ ጓደኛ ነኝ፣ ሌላው ፖሊስ ነኝ እያሉ ነው የሚገቡት። «ዘ ፐርጅ» (2013) ላይ ደግሞ አባትየው የቤት መጠበቂያ መሣሪያ ነጋዴ ነው። ቤቱን በብረት መዝጊያ ከርችሞታል። ብረቱን የሚከፍተው ትንሹ ልጅ ነው፤ ለምን ቢሉ አንድ ሰው ሊገድሉት እያሳደዱት ደጅ ላይ «አድኑኝ» ሲል ሰምቶ አላስችል ስላለው። የደቡብ ኮሪያው «ፓራሳይት» (2019) ከቤት ሰበራ ጋር ይቆጠር አይቆጠር ያከራክራል፤ እዚያ ግን ድሃዎቹ ወደ ሀብታሙ ቤት የሚገቡት አንዱ ሌላውን ለሥራ እያስቀጠረ፣ በሩን አሠሪዎቹ ራሳቸው እየከፈቱላቸው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መመዘኛዬ ይኼ ነው። በሩ በመጥረቢያ የሚሰበርበት ፊልም ለአፍታ ያስደነግጣል። በሩ በርኅራኄ፣ በይሉኝታ ወይም በልማድ የሚከፈትበት ፊልም ግን ቤት ድረስ ይከተላል።

ቤቱን ካላወቅነው አንፈራለትም

ሁለተኛው ነገር ቤቱ ራሱ ነው። የሥነ ጽሑፍ መምህራን «መቼት ጌጥ አይደለም» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምተናል። በዚህ ዘውግ ደግሞ ቤቱ ዋና ገጸ ባሕርይ ነው ማለት ይቻላል። ዴቪድ ፊንቸር «ፓኒክ ሩም» (2002) ላይ ሰባሪዎቹ ሊገቡ ሲሉ ካሜራውን በአንድ ትንፋሽ ከፎቅ ወደ ምድር ቤት፣ ከመስኮት ወደ መስኮት፣ በቡና ማፍያው እጀታ ውስጥ ሳይቀር ያሾልከዋል። ማሳያ ብቻ አይምሰላችሁ። ከዚያ በኋላ ሴትየዋ ከምስጢራዊው ክፍል ወጥታ ስልኳን ለማምጣት ስትሮጥ ስንት እርምጃ እንደሚቀራት እናውቀዋለን። እናውቀዋለንና እንጨነቃለን።

ሁላችንም በልጅነታችን ያየነው «ሆም አሎን» (1990) እኮ አጥንቱ ቤት ሰበራ ነው፤ ሥጋው ኮሜዲ ሆነ እንጂ። ትንሹ ኬቨን የቤቱን ካርታ በእጁ ሥሎ ያሳየናል። ስለዚህ ሌቦቹ በየትኛው በር ሲገቡ ምን እንደሚጠብቃቸው ቀድመን አውቀን እንስቃለን። በክፍል ውስጥ «ንግር» የምንለው ይኸው ነው። ንግሩ ቀድሞ ካልተዘራ ሳቅም ፍርሃትም አይበቅልም።

እዚህ ላይ ጨለማንና ዝምታን ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። «ዌይት አንቲል ዳርክ» ላይ ዓይነ ስውሯ የቤቱን አምፖል ሁሉ ትሰብራለች፤ ጨለማ ለሷ አገሯ ነውና። የረሳችው የማቀዝቀዣውን መብራት ነው። በጊዜው ሲኒማ ቤቶች ራሳቸው መብራታቸውን እየቀነሱ ያሳዩት ነበር። እኛ ዘንድ ግን መብራት መጥፋት ብቻውን አያስፈራም። መብራት ጠፋ ማለት ሻማ የት ገባ ማለት ነው፤ ገዳይ መጣ ማለት አይደለም። እኛን የሚያስፈራው ዝምታ ነው። ችግሩ ዝምታው ብዙ ጊዜ አይደርሰንም። ከቪዲዮ ቤት ዘመን ጀምሮ እንደምናውቀው በአንድ ሰው ድምፅ ወደ አማርኛ የተመለሱ ፊልሞች አሉ። ተርጓሚው «አሁን ሰውየው ቀስ ብሎ ከኋላዋ እየመጣ ነው…» እያለ ይተርክልናል። የድርጊት ፊልም ላይ ይህ ይጥማል፣ እኔም ወድጄው አድጌያለሁ። ቤት ሰበራ ላይ ግን የፊልሙ ጉልበት ወለሉ ሲንቋቋ መስማት ነው። ድምፁ ሲገባበት ፍርሃቱ ይወጣል።

ጎረቤት የት ሄደ?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልምጣ። አንድ ጊዜ እናቴ ከእኛ ጋር ተቀምጣ አንዱን ፊልም ስታይ ቆየችና «ኧረ እሪ በይ! አፍ የላትም እንዴ? ጎረቤት የላቸውም?» አለች። ሳቅንባት። በኋላ ግን ሳስበው የሰማሁት ምርጥ የፊልም ሒስ ሆኖ አገኘሁት።

በእኛ አገር ጩኸት ተቋም ነው። በጎጃም ገጠር ሌሊት እሪታ ከተሰማ ወንዱ ዱላውንም መሣሪያውንም ይዞ ይወጣል፤ ሴቷ ጩኸቱን ተቀብላ ለሚቀጥለው ቤት ታሻግራለች። እሪታ ሰምቶ ተኝቶ ያደረ ሰው በማግስቱ በሰው ፊት ቀና ብሎ አይሄድም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የተባለው ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ ለእኛ ተመልካች ብቻውን ያለ ቤት በራሱ ማብራሪያ ይፈልጋል። ፊልሙ ጎረቤቱን የት እንዳደረሰው ሳይነግረን ከቀጠለ፣ ልባችን አይሰቀልም።

ጎበዝ ፊልሞች ይህን ያውቁታል። «ዶንት ብሪዝ» (2016) ታሪኩን ያስቀመጠው በዲትሮይት ከተማ ሰው በለቀቀው ሰፈር ነው። በዚያ መንገድ ላይ የቀረው ነዋሪ ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ብቻ ነው። ለሌቦቹ የተመቸው ያ ባዶነት ኋላ የእነሱ ወጥመድ ይሆናል፤ ቢጮሁ ማን ይሰማቸዋል? በዚያው ዓመት የወጣው «ሀሽ» ላይ ደግሞ ባለቤቲቱ መስማት የተሳናት ደራሲ ናት። ጎረቤቷ ቆስላ መጥታ የመስታወቱን በር ትደበድባለች፤ እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ወጥ ቤት ጉዳይዋን ትሠራለች። ጎረቤት መጥቷል፣ ጩኸት አለ፤ የሚሰማ ጠፋ። እኔ በዚህ ፊልም ከዚያ ትዕይንት የበለጠ የሚያስጨንቅ አላየሁም።

«ፓኒክ ሩም» ከሁሉም ይብሳል። ፖሊሶቹ በሩ ድረስ ይመጣሉ። ሴትየዋ በሩን ከፍታ ቆማለች፤ ልጇ ግን ሰባሪዎቹ እጅ ላይ ናት። ስለዚህ «ደህና ነን፣ ምንም የለም» ብላ ትመልሳቸዋለች። ደራሽ ደርሶ ሳለ በራስ አፍ መመለስ! «ሆም አሎን» ላይስ መጨረሻ ላይ ሌቦቹን በአካፋ መትቶ ልጁን የሚያድነው ማን ነው? ሰፈሩ ሁሉ በክፉ የሚያማው ጎረቤት ሽማግሌ ነው። ፊልሙ ስንት ጊዜ ቢታይ የማይሰለቸው በወጥመዶቹ ብቻ አይመስለኝም። ጎረቤት ስለደረሰ ነው።

የከሸፉትስ?

ከሽፈዋል የምላቸውን ሁሉ ብዘረዝር ገጽ አይበቃኝም። ባጭሩ ግን ውድቀታቸው ሦስት መልክ አለው።

አንደኛው ገጸ ባሕርዩን ሴራው እንዲያዘግም ሲባል ማጃጃል ነው። በር ክፍት እያለ ወደ ፎቅ መሮጥ፣ የወደቀን ሰባሪ መሣሪያውን ሳይወስዱ ጥሎ መሄድ። ያን ጊዜ ክፍሉ በሙሉ «ኧረ አንሺው!» እያለ ይጮሃል። ይህ የፍርሃት ጩኸት ሳይሆን የንዴት ነው።

ሁለተኛው ሰባሪውን እግዜር ማድረግ ነው። በተዘጋ በር ይገባል፣ ከየትም ይበቅላል፣ ቢመታ አይሞትም። ሁሉን የሚችል ሰው ቤቱን መስበር አይጠበቅበትም፤ እኛም መጨነቅ አይጠበቅብንም። «ዘ ስትሬንጀርስ» (2008) ወደዚህ አፋፍ ተጠግቶ የተረፈው በአንድ ነገር ነው። ሰባሪዎቹ ለምን እንደመጡ ሲጠየቁ የሚሰጡት ምክንያት ሰዎቹ ቤታቸው መገኘታቸውን ብቻ ነው። ይህ መልስ ባዶ ነው፤ ባዶነቱ ግን አጥንት ውስጥ ይገባል።

ሦስተኛው በር የተባለውን ነገር መርሳት ነው። «ዘ ፐርጅ» ጥሩ ምሳሌ ይሆነኛል። ልጁ በሩን ለተሳዳጁ ሲከፍት ፊልሙ ትልቅ ጥያቄ አንሥቶ ነበር፦ የራስህን ልጆች ለማትረፍ እንግዳውን አሳልፈህ ትሰጣለህ ወይ? ከዚያ ግን ወደ ተኩስ ገባና አንዱ ሊሞት ሲል ሌላው ከኋላ መጥቶ ያድነዋል፤ ደግሞ ይኸው ይደገማል። ጥያቄው በጥይት ጭስ ተሸፍኖ ቀረ። ለኔ ይህ ከመጀመሪያውም ጥያቄ ካልነበረው ፊልም የበለጠ ያሳዝናል።

ወደ ራሳችን ደጅ

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ፊልም ነው፤ እኛ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። አገባን። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» (2008) ያየ ሰው ያስታውሳል። በደርግ ዘመን ወጣቶችን ለውትድርና የሚያፍሱ ሰዎች ወደ ገጠሩ ይመጣሉ፤ ልጆቹ ሸሽተው ዋሻ ይገባሉ፤ እናቶች ይጮሃሉ። ፊልሙ በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ በፌስፓኮ ትልቁን ሽልማት አግኝቷል። ማንም ልብ አንጠልጣይ ብሎ አይጠራውም። ነገር ግን አፈሳን የሚያስታውሱ የጎጃም እናቶች ቢያዩት የትኛው በር እንደተንኳኳ ወዲያው ያውቁታል። እዚያ ጩኸት ነበር፣ ጎረቤትም ነበር፤ ጎረቤቱም ልጁን ደብቆ የሚጨነቅ ሆነ እንጂ።

በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ያሳለፍነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እኔ ልዘረዝረው አልፈልግም። ከበሩ ጋር የተያያዘውን አንድ ነገር ብቻ ልናገር። በ2016 ዓ.ም. በጋ ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የቤተሰቤ ቤት ነበርኩ። የእኛ ቤት መንገድ ዳር ስለሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ የመሸበት መንገደኛ ሲያድርበት አውቃለሁ። እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል፣ መደብ ይለቀቅለታል፤ ስሙ እንኳ የሚጠየቀው ከበላ በኋላ ነው።

ያን ሌሊት ውሻው ጮኸ፣ ከዚያም በሩ ተንኳኳ። 

«ማነህ?» አለ አባቴ።

«የመሸብኝ መንገደኛ ነኝ አባቴ። የእግዜር እንግዳ።»

አባቴ መቀርቀሪያው ላይ እጁን አሳረፈ። አላነሳውም። ከየት እንደመጣ ጠየቀው፤ ሰውየው አገሩን ተናገረ። እናቴ በሹክሹክታ «ብንከፍትለትስ?» አለች። አባቴ ወደኛ፣ ወደ ልጆቹ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ በበሩ በኩል «ወንድሜ፣ ቤቱ በሽተኛ አለበት። አትቀየመኝ» አለው። በሽተኛ አልነበረም።

ሰውየው ጥቂት ዝም አለ። «እግዜር ይማርላችሁ» አለ። ኮቴው ራቀ።

ጠዋት ከቤቱ ጀርባ ያለው የገለባ ክምር አንድ ጎኑ የሰው ቁመት ያህል ተጠቅጥቆ አገኘነው። ምንም የጎደለ ዕቃ የለም። አባቴ ገለባውን በእግሩ መለሰና ወደ እርሻው ሄደ። ስለዚያ ሌሊት ተናግሮ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ቤት ሰበራ ፊልም ሳይ ካሜራው የቱ ጋ እንደቆመ እጠይቃለሁ። ያን ሌሊት ካሜራው ከእኛ ጋር ውስጥ ቢሆን የምታዩት ልብ አንጠልጣይ ፊልም ነበር፤ ሌላው ቀርቶ ሁለት ቢሆኑስ፣ መሣሪያ ቢይዝስ እያላችሁ ትጨነቁ ነበር። ካሜራው ውጭ፣ በቾቄ ብርድ ገለባው ላይ ካለው ሰው ጋር ቢሆን ኖሮስ? ሌላ ፊልም ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። አባቴንም ልወቅሰው አልችልም፣ ሰውየውንም ልረሳው አልቻልኩም።

የአማርኛ ፊልሞቻችን ቪላ አላቸው፣ የግቢ በር አላቸው፣ ዘበኛ አላቸው፣ ሳሎን አላቸው። ለቤት ሰበራ የሚያስፈልገው ዕቃ ተሟልቷል። የቀረው ሁለቱን ጥያቄዎች በእኛ ቋንቋ መጠየቅ ነው። ጭምብል መግዛት አያስፈልግም፣ ብዙ ደምም አያሻም። እጁን መቀርቀሪያ ላይ ያሳረፈ አንድ አባወራና ከበሩ ማዶ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» የሚል አንድ ድምፅ ይበቃል። ተመልካቹ መክፈትንም አለመክፈትንም እኩል ከፈራ ፊልሙ ተሳክቷል።

ከመካከላችን ስክሪፕት የሚሞክር ካለ በሩን እኔ አሳየዋለሁ። ማን እንደሚከፍተው እሱ ይጻፍ።

ቸር እንሰንብት።